ቪክቶር ፍራንዝ ሄስ፦ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ያገኙት ምእመን

በዚህ ዓምድ እስካሁን የቅዱሳንን፣ የሰማዕታትንና ወንጌልን ለመስበክ ሀገራቸውን ትተው የወጡ ካህናትን ሕይወት ስናቀርብ ቆይተናል። በዚህ እትም ግን ካህንም መነኩሴም ያልነበሩ፣ ስማቸውም በቅዱሳን መዝገብ ያልሰፈረ የአንድ ባለ ትዳር ምእመን የሕይወት ታሪክ ለውድ አንባብያን ማቅረብን መርጠናል። እኚህ ሰው ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ፍራንዝ ሄስ ናቸው። ያነሣሣን ምክንያት ግልጽ ነው። በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ካቴኪስቶቻችን፣ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከደረሱ ወጣቶች፣ የሳይንስ ዕውቀት እየጠለቀ ሲሄድ እምነት ይጠፋል ወይ የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄው በክርክር ብቻ የሚመለስ አይመስለንም፤ አንዳንድ ጊዜ የአንድን ሰው ኑሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መመልከት ይበጃል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሄስ ሰኔ 24 ቀን 1883 ዓ.ም. በኦስትሪያ፣ ሽታየርማርክ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በቫልድሽታይን ግንብ ተወለዱ። በግንብ ይወለዱ እንጂ የመሳፍንት ልጅ አልነበሩም፤ አባታቸው የአንድ መስፍን የደን ሹም ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በግራትስ ከተማ ሲሆን፣ በ1906 የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ወደ በርሊን ሄደው ፓውል ድሩደ በተባሉ ታላቅ ሊቅ ሥር የብርሃንን ጠባይ ለማጥናት ተዘጋጅተው ሳለ፣ ሊቁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሞቱ። በዚህ ምክንያት ሄስ ወደ ቪየና ሄዱ። በቪየና ደግሞ የጊዜው ወሬ ብርሃን ሳይሆን ራዲየም ነበር። አንድ በር ሲዘጋባቸው ሳያስቡት ወደ ሌላው ገቡ ማለት ነው፤ ከ1910 ጀምሮም በዚያች ከተማ በሚገኘው የራዲየም ምርምር ተቋም ረዳት ሆነው ለዐሥር ዓመት ያህል አገለገሉ።

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንትን እንቅልፍ የነሣ አንድ ትንሽ የሚመስል እንቆቅልሽ ነበር። ኤሌክትሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሁለት ስስ የወርቅ ቅጠሎች ጎን ለጎን ተንጠልጥለውበታል። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ይራራቃሉ። ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት መንገድ ከሌለ ተራርቀው መቅረት ይገባቸዋል። ነገር ግን መሣሪያው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሸፈን ቅጠሎቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው ይገናኛሉ። ስለዚህ አንድ የማይታይ ነገር በዕቃው ግድግዳ አልፎ በውስጡ ያለውን አየር እየሰነጠቀ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ማሪና ፒየር ኪዩሪ ራዲየምን ካገኙ በኋላ ሊቃውንቱ መልሱን ያወቁት መሰላቸው። በአፈርና በአለት ውስጥ ጨረር የሚያመነጩ ንጥረ ነገሮች ስላሉ፣ ከእነርሱ የሚወጣው ጋማ ጨረር ነው አሉ። ይህ እውነት ከሆነ ከመሬት በራቅን ቁጥር ጨረሩ እየቀነሰ መሄድ አለበት።

ይህን አባባል ወጥተው ከመረመሩት አንዱ ካህን ነበሩ። አባ ቴዎዶር ቩልፍ የተባሉ ኢየሱሳዊ፣ በሆላንድ ሀገር በፋልከንበርግ የማኅበራቸው ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ከቀድሞው ይልቅ የጠነከረና ለጉዞ የሚመች መለኪያ ሠሩ። በ1910 መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ፓሪስ በመሄድ በአይፍል ግንብ ጫፍ ላይ፣ ከመሬት 300 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ለኩበት። ጨረሩ ከምድር ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ በዚያ ከፍታ ከሞላ ጎደል መጥፋት በተገባው ነበር። አባ ቩልፍ ያገኙት ግን ወደ ግማሽ ገደማ ብቻ መቀነሱን ነው። ነገሩ አስገረማቸው፤ ሆኖም ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ ላይ አልወጡም። ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ፓቺኒም በ1911 በሊቮርኖ ባሕር ውስጥ መለኪያቸውን አስጥመው ጨረሩ ከውኃ በታች እንደሚቀንስ ስላዩ፣ ከፊሉ ከምድር የሚመጣ አይደለም ብለው ጻፉ። ታሪክ ለፓቺኒ የሚገባቸውን ያህል ስፍራ አልሰጣቸውም፤ በእኛ አስተያየት ይህን ሳይጠቅሱ የሄስን ሥራ ብቻ ማወደስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሄስ የጀመሩት ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው። በቅድሚያ ጋማ ጨረር በአየር ውስጥ ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል በጥንቃቄ ለኩ፤ ከምድር የሚወጣው ጨረር 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ተውጦ ማለቅ እንዳለበትም ደረሱበት። ይህን ካረጋገጡ በኋላ በሃይድሮጂን ወይም በከተማ ጋዝ በሚሞላ ባሉን ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። በ1911 ሁለት ጊዜ፣ በ1912 ሰባት ጊዜ ወጡ። የዛሬ አንባቢ ይህን እንደ ሽርሽር እንዳይቆጥረው እንለምናለን። ሰዎቹ የሚቆሙት ከሸምበቆ በተሠራ ክፍት ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ከበላያቸው ያለው ጋዝ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ የሚቃጠል ነው፤ ነፋሱ ወደ ወሰደበትም መሄድ ግድ ነው። ሄስ አንዳንዱን በረራ በሌሊት አደረጉ። ሚያዝያ 17 ቀን 1912 ደግሞ ፀሐይ በከፊል በምትጋረድበት ሰዓት ወጡ። በሌሊትም ሆነ በግርዶሹ ጊዜ ጨረሩ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ዋናው ምንጭ ፀሐይ ልትሆን አትችልም።

ወሳኙ ቀን ነሐሴ 7 ቀን 1912 ነበር። ሄስ ከአንድ የባሉን መሪና ከአንድ የአየር ጠባይ ተመልካች ጋር በማለዳ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ከምትገኘው ከኡስቲ ከተማ ተነሡ። ባሉኑ ቦሔሚያ ይባል ነበር። ሦስት መለኪያዎች ይዘው ነበር፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ መለኪያዎቹን እንዳያሳስት ከዕቃዎቹ ሁለቱ አየር እንዳያስገቡና እንዳያስወጡ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሄስ በየጊዜው ቁጥሮቹን እያነበቡ በማስታወሻቸው አሰፈሩ። በመጀመሪያው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ጨረሩ ጥቂት ቀነሰ፤ የምድሩ ጨረር እየራቀ ነውና ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከዚያ በላይ ግን መጨመር ጀመረ። በአራት ሺህና በአምስት ሺህ ሜትር መካከል በመሬት ላይ ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ባሉኑ የደረሰበት የመጨረሻ ከፍታ 5350 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ከራስ ዳሽን ጫፍ ከ800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ነው። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከበርሊን በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ መስክ ላይ በሰላም አረፉ።

ሄስ ከዚህ ያወጡት መደምደሚያ አጭር ነበር። እጅግ ብርቱ የሆነ፣ ወፍራም ነገርን ዘልቆ የሚያልፍ ጨረር ከላይ ወደ ከባቢ አየራችን ይገባል። ከየት እንደሚመጣ አላሉም፤ ከሚያውቁት አልፈው አልተናገሩም። ይህን ቁጥብነታቸውን እናደንቃለን።

ሁሉም ወዲያው አላመኗቸውም። ጀርመናዊው ቨርነር ኮልሆርስተር በ1913 እና በ1914 እስከ 9300 ሜትር ወጥተው ግኝቱን አጸኑ፤ ነገር ግን ያንጊዜ ጦርነት ተነሣና ሁሉ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሊቅ ሮበርት ሚሊካን በመጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ በኋላ በራሳቸው መለኪያ አረጋግጠው በ1925 ኮስሚክ ጨረር የሚለውን ስም አወጡለት። አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች የሚሊካን ጨረር እስከ ማለት ደረሱ። ሄስ በዚህ ማዘናቸው አልቀረም፤ እርሳቸውም እንደ እኛ ሰው ነበሩና።

በ1920 ሄስ ማሪያ ቤርታ ብራይስኪ የተባሉትን ሴት አገቡ፤ በግራትስ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆኑ። ከ1921 እስከ 1923 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት በኦሬንጅ ከተማ፣ ራዲየም በሚያዘጋጅ ኩባንያ የምርምር ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በዚያው ኩባንያ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የራዲየም ቀለም በሰዓት ቁጥሮች ላይ ይቀቡ ነበር፤ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ስለሚሠሩ ብዙዎቹ ኋላ መንጋጋቸው እየበሰበሰ በሞት ተለዩ። ይህን የምናነሣው ጨረር በዚያ ዘመን ምን ያህል ሳይፈራ ይያዝ እንደነበር ለማሳየት ነው። ሄስ ራሳቸውም ዋጋ ከፍለውበታል፤ ራዲየም ባቃጠለው እጃቸው ላይ የነበረውን አውራ ጣት በ1934 ሐኪሞች ቆረጡት። ከአሜሪካ ወደ ግራትስ ከተመለሱ በኋላ በ1931 ወደ ኢንስብሩክ ተዛውረው፣ ከከተማዪቱ በላይ ባለው በሃፈለካር ተራራ፣ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ የኮስሚክ ጨረር መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሽልማቱን የተካፈሏቸው ካርል አንደርሰን የተባሉ ወጣት አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በዚሁ ኮስሚክ ጨረር ውስጥ ፖዚትሮን የተባለውን ቅንጣት ያገኙ ናቸው።

ክብሩ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። በመጋቢት 1938 የሂትለር ሠራዊት ኦስትሪያ ገባ። ሄስ በዚያን ጊዜ ተመልሰው በግራትስ ያስተምሩ ነበር። በአዲሶቹ ገዢዎች ዓይን ሁለት በደሎች ነበሩባቸው። አንደኛው፣ በግልጽ የሚታወቁ ካቶሊክ መሆናቸውና የቀድሞውን የኦስትሪያ መንግሥት መደገፋቸው ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤታቸው ከአይሁድ ዘር የሚወለዱ መሆናቸው ነው። ሄስ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ጡረታም ተከለከሉ፤ ለጥቂት ጊዜም ታሰሩ።

እዚህ ላይ አንባብያን ቆም ብለው እንዲያስቡ እንወዳለን። በዚያ ዘመን በጀርመንና በኦስትሪያ፣ የአይሁድ ዘር ያለባትን ሚስቱን ፈትቶ ሥራውንና ክብሩን ሊያተርፍ የሚችል ባል ብዙ ነበር፤ ሕጉም መንገዱን ያመቻችለት ነበር፤ ያደረጉትም ነበሩ። ሄስ ደግሞ የኖቤል ተሸላሚ ስለነበሩ ብዙ የሚያተርፉት ነበራቸው። ስለ ምስጢረ ተክሊል ስናስተምር የምናነሣቸው ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ዘመን የተወሰዱ ናቸው። ይህ ግን አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ የሆነ ነው። እንደገና ሊታሰሩ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ወሬ ሲደርሳቸው፣ ሄስ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገሩ። ከኋላቸው ቤታቸውን፣ መሣሪያዎቻቸውንና ያንን የተራራ ጣቢያ ትተው ሄዱ።

በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ የሚገኘው፣ ኢየሱሳውያን የሚመሩት የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ስፍራ ሰጣቸው። በኢየሱሳዊው በአባ ቩልፍ መሣሪያ ዝናቸውን ያገኙት ሰው፣ በስደት ጊዜ የተቀበሏቸው ኢየሱሳውያን መሆናቸው ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው። ሄስ በ1944 የአሜሪካ ዜግነት ተቀበሉ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም በማስተማር አሳለፉ። ቀድሞ ወደ ሰማይ የወጡት ሰው አሁን ከመሬት በታች ወረዱ፤ በማንሃታን አለት ሥር ጠልቆ በተሠራ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ኮስሚክ ጨረር እምብዛም በማይደርስበት፣ የድንጋዩን ጨረር ለኩ። ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነውም በሰው አካል ውስጥ የገባን እጅግ ጥቂት ራዲየም በጋማ ጨረሩ አማካይነት ለይቶ ማወቂያ ዘዴ አዘጋጁ። የእነዚያ የኦሬንጅ ሴቶች ነገር በልባቸው ኖሮ እንደሆነ ልንናገር አንችልም፤ ሥራው ግን ለእንደነርሱ ላሉ ሕሙማን የሚጠቅም ነበር።

ስለ እምነታቸው ሄስ በአደባባይ ብዙ አልተናገሩም። በ1946 ግን ስለ ሃይማኖታቸው አንድ ጽሑፍ በአሜሪካ አሳተሙ። በዚያ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በምርምር ሲያሳልፉ ሳይንስና ሃይማኖት የግድ ይጣላሉ የሚያሰኝ ነገር እንዳላጋጠማቸው አስረድተዋል። አንዳንድ ሰባክያን እንዲህ ያለውን ምስክርነት ሲያገኙ የእግዚአብሔርን መኖር ያረጋገጡበት ይመስል ከፍ አድርገው ያነሡታል። እኛ ግን ካቴኪስቶቻችን ይህን እንዳያደርጉ እንመክራለን። የኖቤል ሽልማት ያገኙና በእግዚአብሔር የማያምኑ ሊቃውንትም አሉና፤ ወጣቱ ይህን ባወቀ ቀን የተነገረው ሁሉ ይፈርስበታል። ሄስ በባሉኑ ቅርጫት ውስጥ ሆነው የሚለኩት ጨረርን እንጂ የፈጣሪን ስፍራ አልነበረም። ኮስሚክ ጨረር ከየት ይመጣል የሚለውን ለሚመጣው ምርምር ተዉ፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ ወደ ቅዳሴ ሄዱ። ሁለቱን አላቀላቀሉም፤ አላጣሉምም።

በ1955 ባለቤታቸው ቤርታ በካንሰር ሕመም ዐረፉ። ሄስ በዚያው ዓመት፣ ቤርታን በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሙትን ኤሊዛቤት ሄንከ የተባሉትን ነርስ አገቡ። እርሳቸው ራሳቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ሰውነትን በሚያንቀጠቅጠው በፓርኪንሰን ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ አጠገብ በማውንት ቬርነን ከተማ፣ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሄስ የተዉት ጥያቄ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ኮስሚክ ጨረር የተባለው በእውነቱ በአብዛኛው ጨረር ሳይሆን ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት የሚበርር የአቶም እምብርት ቅንጣት መሆኑ ታወቀ። ቅንጣቱ ኤሌክትሪክ ያዘለ ስለሆነ በጠፈር ያለው የማግኔት ኃይል መንገዱን ያጣምምበታል። ይህን በምድር ዙሪያ በስሌት ካሳዩት መካከል አንዱ፣ ስለ ዓለም መስፋፋት ባወጡት ሐሳብ የታወቁት ቤልጂጋዊው ካህን አባ ጆርጅ ለሜትር ናቸው። ስለዚህ ቅንጣቱ ከደረሰበት አቅጣጫ ተነሥቶ ምንጩን ማወቅ አይቻልም። ሆኖም ቅንጣቶቹ በሚጣደፉበት ስፍራ እጅግ ብርቱ ጋማ ጨረርም ይወለዳል። ጋማ ጨረር ደግሞ ኤሌክትሪክ የሌለው በመሆኑ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ጋማ ጨረር ከባቢ አየራችንን ሲመታ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሲጠፋ የቅንጣቶች ውርጅብኝ ያወርዳል። ውርጅብኙም ከአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ለጥቂት እጥፍ ብቻ የሚቆይ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ይህን ብርሃን በትላልቅ መስተዋቶች የሚይዙ ቴሌስኮፖች በአፍሪካችን ምድር፣ በናሚቢያ በኮማስ ደጋ፣ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ተተከሉ። ከ2002 ጀምሮ ባለ 12 ሜትር ስፋት አራት ቴሌስኮፖች በየተራ ሥራ ጀመሩ፤ በ2012፣ ከዚያ የባሉን በረራ መቶ ዓመት በኋላ፣ ባለ 28 ሜትሩ አምስተኛ ተጨመረ። የቴሌስኮፖቹ መጠሪያ ለቪክቶር ሄስ ክብር ሄስ ተባለ።

እነዚህ ቴሌስኮፖች ከተመለከቷቸው ውስጥ ራዲዮ ጋላክሲ የሚባሉት ይገኛሉ። ጋላክሲ ማለት የእኛን ፀሐይ የመሰሉ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ማኅበር ነው። በአንዳንዶቹ ማዕከል እጅግ ከባድ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ከአጠገቡም ወደ ሁለት አቅጣጫ እንደ ፏፏቴ የሚወረወር የቅንጣቶች ጅረት ይወጣል። ጅረቱ ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ስለሚሰጥ ራዲዮ ጋላክሲ ተባሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤም 87 የሚባለው ሲሆን ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ የጥቁር ጉድጓዱም ክብደት የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ያህላል። በ2006 የሄስ ቴሌስኮፖች የዚህ ጋላክሲ ጋማ ጨረር በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚለዋወጥ አሳወቁ። ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ሥርዓት ልንመስለው እንችላለን። ከፋሲካው ሻማ የተለኮሰው እሳት ከምእመን ወደ ምእመን ሲተላለፍ፣ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን እስኪበራ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ትንሽ ጸሎት ቤት ግን ወዲያው ይበራል። ብርሃን ራሱ ጋላክሲውን ለማቋረጥ ሺህ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ በሁለት ቀን የሚለዋወጠው ምንጭ እጅግ ጠባብ፣ ለጥቁር ጉድጓዱም ቅርብ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ሴንታውረስ ኤ የተባለው፣ ከራዲዮ ጋላክሲዎች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ነው፤ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ጨረሩ ደካማ በመሆኑ ሊቃውንቱ በተለያዩ ዓመታት ከ100 ሰዓት በላይ ወደ እርሱ ሲመለከቱ ቆይተው በ2009 ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚያም ምልከታውን ወደ 200 ሰዓት አድርሰው በ2020 ሌላ ነገር አወጡ። ጋማ ጨረሩ የሚመጣው ከጥቁር ጉድጓዱ አጠገብ ብቻ ሳይሆን፣ በሺህ የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት በሚረዝመው በጅረቱ መንገድ ጭምር ነው። ቅንጣቶቹ በመነሻቸው አንድ ጊዜ ተገፍተው የሚቀሩ ሳይሆን በጉዞአቸው ላይም እንደገና ኃይል እንደሚያገኙ ታወቀ። ሄስ በኡስቲ ማለዳ የጠየቁትን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ አይደለም፤ እጅግ ብርቱዎቹ ቅንጣቶች ከየት እንደሚነሡ ገና በምርምር ላይ ነው።